በውጤት ጥብቅ ሥፍራ

ጓሳ በመንዝ የሣር ስም ነው፤ ቦታውም ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ብርዳም ደጋ ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የእረኛ ገሳ ይሠራበታል። አስቦና ጌራ ከሚባሉ የመንዝ ቀደምት አባቶች ጋር የሚያያዘው፣ ቄሮ የተባለው የጥበቃ ሥርዓት በ17ኛው መቶ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። በሥርዓቱ ጓሳ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነው። ክረምት ሲቃረብ ደግሞ መልሶ ይዘጋል።

ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ያሳሰባቸው ወፍ ሳይሆን የጣራ ክዳን ነበር። ወፎቹ ግን ተጠቀሙ።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የምትኖረው «ሩዤ ሬይል» እርጥብ ሣር ውስጥ የምትውል ቡናማ ወፍ ናት። ስትራመድ ጅራቷን ቀና፣ ዘንበል ታደርጋለች፤ በዚያን ጊዜ ከጅራቷ ሥር ያለው ነጭ ላባ ብልጭ ይላል። ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ሣሩ መካከል ስለሆነ፣ ደጋው በከብት ተግጦ ሲራቆት መደበቂያዋም መፈልፈያዋም አብሮ ይጠፋል። በገደሉ አፋፍ ደግሞ ጆን አሽ የተባለው የአእዋፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ያስተዋወቃት የአንኮበር ሰሪን አለች፤ ዥንጉርጉር፣ ትንሽ፣ ዘር ለቃሚ ወፍ ናት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ምን ይባላል? ፓርክ አይደለም፤ ዓላማው ሌላ ነውና። ተራ የግጦሽ መሬትም እንዳይባል ከብዙ ፓርክ የተሻለ ተጠብቋል። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ስም ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2010 ናጎያ ላይ ሲሆን፣ ትርጉሙን ያጸደቁት በ2018 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛው ምህጻር «ኦ ኢ ሲ ኤም» ይሉታል። ቃል በቃል ሲመለስ «ሌሎች ውጤታማ አካባቢ ተኮር የጥበቃ እርምጃዎች» ይሆናል፤ አንባቢ ግማሹ ላይ ሳይደርስ ትንፋሹ የሚያልቅበት ስም ነው። «ሌሎች» ሲባል ከምን ሌላ እንደሆነ አይታወቅም። «እርምጃ» የሚለውም አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ ድርጊት ያስመስለዋል፤ ነገሩ ግን ቦታ ነው።

ስለዚህ እዚህ የቀረበው አቻ «በውጤት ጥብቅ ሥፍራ» ነው። «ጥብቅ ሥፍራ» በዱር እንስሳት ሕጋችን የቆየ ስያሜ ነው። ባሌና ሰሜን ተራሮችን የመሰሉ ብሔራዊ ፓርኮች በሕግ ጥብቅ ናቸው፤ መንግሥት ለጥበቃ ብሎ ከልሏቸዋል። በውጤት ጥብቅ የሚባለው ግን ባለቤቱ በምንም ምክንያት ይጠብቀው፣ ለሣር፣ ለውኃ ወይም ለጸሎት፣ ብቻ ወሰኑ የሚታወቅ፣ የሚያስተዳድረው አካል ያለው፣ በውስጡም የዱር ሕይወት ለረጅም ጊዜ ደህና ሆኖ የሚቀጥልበት ነው።

ቃሉ ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ከባለሙያ ጓዳ ወጥቷል። በዚያ ዓመት በሞንትሪያል አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከምድር የብስና ከባሕር 30 በመቶውን በጥበቃ ሥር ለማዋል ሲስማሙ፣ በውጤት ጥብቅ የሆኑትም ከፓርኮች እኩል እንዲቆጠሩ ተወስኗል። ለድሃ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ ገበሬ ሳያፈናቅሉ መቁጠር ይቻላልና። አደጋውም እዚያው ነው፤ ቁጥር ለማሟላት ሲባል በካርታ ላይ ብቻ የሚጠበቅ ሥፍራ ሊበዛ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥፍራ የሚመዘገብባቸው መመሪያዎችም የባለይዞታውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

አንድ ቦታ ግን በሕግ ጥብቅና በውጤት ጥብቅ የሚሉትን ሁለቱንም ስሞች በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። የቄሮ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከፈረሰ በኋላ ጓሳ ብዙ ጉዳት ደርሶበት፣ ኋላ ላይ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት የክልሉን ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚመደበው ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ለአዲሱ ቃል የሚስማማው የቀድሞው፣ የቄሮው ጓሳ ነው።

ለዛሬ ምሳሌ የሚሆኑት የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። እርሻ በከበበው ሜዳ መካከል ከሩቅ እንደ ደሴት የሚታዩትን እነዚህን ደኖች ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት አጥንቷቸዋል፤ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው በ«እመጓ» ልቦለዱ ነው እንጂ ሙያው የደን ሳይንስ ነው። ከአሜሪካዊቷ ሜግ ሎውማን ጋር ሆኖ አጥቢያዎች ደናቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ረድቷል። ካቡ ከብት ካላስገባ ችግኝ ያድጋል፤ ሶሪት የምትባለው ወፍም ከነቀይ ክንፏ ከጥድ ወደ ዝግባ የምትዘልበት ቅርንጫፍ አታጣም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛፍ ሁሉ አይቆጠርም። አንዳንድ አጥቢያ ለገቢ ሲል በአገር በቀሉ ደን ውስጥና ዳር ባሕር ዛፍ ይተክላል። የባሕር ዛፉ ክፍል ቢታጠርም፣ ዘበኛ ቢቆምለትም፣ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ ቢታይም በውጤት ጥብቅ አይባልም፤ ሶሪት የምትበላው ፍሬ የለውም፣ ባሕር ዛፉም ሲደርስ ለአጣና ይቆረጣል።