በኮቪድ-19 ወቅት የወጡ የእንቅስቃሴ ገደቦች አለዋወጥና የደብረ ሲና መንገድ

ደብረ ሲና በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የጣርማበር ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከጣርማበር ዋሻ በታች የምትገኘው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መተላለፊያ ናት። የከተማዋ ምግብ ቤቶች፣ አልጋ ቤቶችና በመንገደኛ ዘንድ ስማቸው የታወቀው የቆሎ ነጋዴዎች ገበያ ከአውቶቡስ መቆምና መነሣት ጋር የተሳሰረ ነው። በመሆኑም በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት የወጡት የእንቅስቃሴ ገደቦች በየትኛው አካል እንደተጣሉ፣ እንዴት እንደተለወጡና መቼ እንደተነሡ ለመረዳት እንዲህ ያለች የመንገድ ከተማ ጥሩ ማሳያ ትሆናለች።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች

የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኙን ዓለም አቀፍ ስጋት መሆኑን ያወጀው ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶች እንዲቆሙ የፌዴራል መንግሥት ወሰነ። መጋቢት 14 ቀን ደግሞ የአገሪቱ የየብስ ድንበሮች ለሰዎች እንቅስቃሴ ዝግ ሲደረጉ፣ አስፈላጊ ዕቃዎችን የሚያጓጉዙ ተሽከርካሪዎች ከገደቡ ውጪ ሆኑ። ሰውን ከጭነት የለየው ይህ አሠራር በኋላ ለወጡት ገደቦችም መሠረት ሆኖ አገልግሏል።

የክልሎች ገደብ

ክልሎች በየራሳቸው እርምጃ መውሰድ የጀመሩት አገር አቀፉ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። የትግራይ ክልል መጋቢት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በአማራ ክልልም በወሩ ማብቂያ አካባቢ በባሕር ዳርና በአዲስ ቅዳም ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች መኖራቸው እንደታወቀ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በቲሊሊ ከተሞች የ14 ቀን ከቤት ያለመውጣት ገደብ ተጣለ። የሕዝብ ትራንስፖርት እንቅስቃሴም እንዲገታ ተደረገ። በሌሎች ክልሎችም ተመሳሳይ የትራንስፖርት ገደቦች ተከትለዋል።

ለዚህ የክልሎች ሥልጣን መነሻው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ነው። የአንቀጹ ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል ተራ ለ የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ወይም የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የክልል መስተዳድሮች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መደንገግ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 32 የተረጋገጠው የመዘዋወር ነጻነትም በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደቡ አይችሉም ተብለው ከተዘረዘሩት መብቶች ውስጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ የደብረ ሲና ዓይነት መንገድ ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኝ ነው። ተሽከርካሪው ከአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ተነሥቶ ኦሮሚያ ክልልን አቋርጦ አማራ ክልል ይገባል። በአንዱ ክልል የተፈቀደው በሌላው ቢከለከል ተሳፋሪው ከመንገድ ይቀራል። በኬላ ላይ ያለው ሠራተኛም የትኛውን መመሪያ እንደሚያስፈጽም ለመወሰን ይቸገራል።

አገር አቀፉ አዋጅ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 ቀን አዋጅ ቁጥር 3/2012ን ለአምስት ወራት ጸና እንዲቆይ አጸደቀው። ማስፈጸሚያውም ደንብ ቁጥር 466/2012 ሆኖ ወጣ። ጊዜው የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን የሚውልበት፣ በርካታ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር የሚጓዝበት ወቅት ነበር።

በዚህ ደረጃ የታየው ዋነኛ ለውጥ የሕዝብ ማመላለሻን ፈጽሞ ከማቆም ይልቅ የሚጭነውን ሰው ቁጥር መቀነስ ላይ ማተኮሩ ነው። ተሽከርካሪዎች ከመጫን አቅማቸው ከ50 በመቶ በላይ ሰው እንዳያሳፍሩ፣ በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎችም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲደረግ ተደነገገ። አዋጁን የተላለፈ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ተወሰነ።

ለደብረ ሲና ዓይነት ከተማ የሁለቱ አሠራሮች ልዩነት ግልጽ ነው። መንገዱ ሲዘጋ መንገደኛ አይኖርም፤ ገበያውም በዚያው ልክ ይቆማል። ጭነቱ ሲቀነስ ግን 60 ሰው የሚይዘው አውቶቡስ 30 ሰው ይዞ ይመጣል፤ ገበያው ቢቀዘቅዝም አይቋረጥም። በሌላ በኩል አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ከነዋሪው ጋር ይገናኛል። ስለሆነም የጤና ጥበቃው ሸክም ከኬላው ወደ ተሽከርካሪው፣ ወደ ምግብ ቤቱና ወደ ሻጩ ተሸጋግሯል ማለት ይቻላል።

ከአዋጁ በኋላ

የአዋጁ ጊዜ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲያበቃ አልተራዘመም። በምትኩ በመስከረም 2013 ዓ.ም. መመሪያ ቁጥር 30/2013 ወጥቶ መሸፈኛ ማድረግን፣ ርቀት መጠበቅንና ያለመጨባበጥን የመሳሰሉ ግዴታዎች በመደበኛ የጤና ሕግ ማዕቀፍ እንዲቀጥሉ ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መንገድ ላይ በኋላ የታዩ ገደቦች ሁሉ ከወረርሽኙ ጋር የተያያዙ እንዳልሆኑም መለየት ይገባል። ለምሳሌ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተደነገገው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መነሻው ጦርነቱ እንጂ በሽታ አልነበረም።

ለአስፈጻሚ አካላት ያለው ፋይዳ

ከሂደቱ ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ገደብ ሲጣል ያወጣው አካል፣ የሚጸናበት ጊዜና ከገደቡ ውጪ የሆኑ አገልግሎቶች በጽሑፍ ተለይተው ኬላ ድረስ መውረድ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ክልል ተሻጋሪ በሆነ መንገድ ላይ የሚጣል ገደብ ከአጎራባች ክልል ጋር አስቀድሞ ካልተናበበ ተሳፋሪን መሐል መንገድ ያስቀራል። ሦስተኛ፣ ገደቡ ሲነሣ ወይም ሲለወጥ የሚሰጠው ማስታወቂያ ሲጣል ከተሰጠው እኩል ፈጣንና ግልጽ ሊሆን ይገባል። ጊዜው ያለፈበትን ትእዛዝ የሚያስፈጽም ኬላ የዜጎችን የመዘዋወር መብት ያለ ሕግ መገደቡ ስለማይቀር፣ መንገዱ ተከፍቷል የሚለው ደብዳቤ መድረሱን ማረጋገጥ የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊነት ነው።