የቡናችን ስምና የባሕር ማዶ ገበያ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ሰው ቢሆንም፥ ነገሩ ለንግድ ዕቃም ይስማማል። ቡናው ተቆልቶ፥ ተፈልቶና ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ በገዢው ልብ የሚቀረው ስሙ ነውና። የኢትዮጵያ ቡና ግን ባሕር ከተሻገረ በኋላ ለረዥም ዘመን የተጠራው በሌላ አገር ስም ነበር። ይህ እንዴት እንደ ሆነ፥ ስሙስ በምን ድካም እንደ ተመለሰ መመርመር ለዛሬው ንግዳችን ይጠቅማል።

የዚህ ቡና ዋና መብቀያ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የዕፀዋት ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ሆኖም አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለ ነበረ፥ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «ዐረቢካ»፥ ይኸውም የዐረብ፥ ብሎ ሰየመው። ነጋዴዎችም በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» አሉት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከሐረር በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ፥ ከዚያም ወደ ዐደን የሚሻገረው ቡና ሳይቀር በባዕድ ገበያ «ሞካ» እየተባለ ይሸጥ ነበር። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ሐረር የመጣው ዐደን ላይ በነበረ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው፤ ከሥራውም አንዱ ቡና መግዛት ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለወጠ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ደግሞ ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ከጋምቤላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የአሜሪካ ገበያ ሲሰፋ፥ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1953 የብራዚልን ቡና ውርጭ መትቶት በተከታዩ ዓመት ዋጋው ሲንር፥ የቡናችን ፈላጊ በዛ።

ነገር ግን ገበያ ሲሰፋ የገዢው ዓይንም ይሰላል። አፈር፥ ገለፈትና የተሰበረ ፍሬ የተቀላቀለበት ቡና፥ ጣዕሙ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፥ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ፤ ቡናው ተበጥሮና ደረጃ ተሰጥቶት እንዲላክ መቆጣጠርም ከተግባሩ አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 የዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ሲደረግ ለአምራች አገሮች የሽያጭ ድርሻ ተመደበላቸው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲፈርስ የዓለም ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ ስም የሌለው ቡናም መጠጊያ አጣ።

በዚህ ጊዜ የስም ነገር እንደ ገና ተነሣ። ሲዳሞ፥ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚሉት ስሞች በባሕር ማዶ ሱቆች ቡናውን በውድ ዋጋ ሲያሸጡ፥ ለገበሬው የሚደርሰው ግን ጥቂት ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስቱ ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡላት አመለከተች። በመጀመሪያ ተቃውሞ ቢገጥማትም፥ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀብሎ ከመንግሥት ጋር ተስማማ። «ሞካ» ተብሎ የተሸጠው ቡና ልጅ ልጆች በእናት አገራቸው ስም ተጠሩ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዓመት ሳይቆይ ሌላ ትምህርት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ስላገኘች፥ ከደንበኞቻችን ዋነኞች መካከል የነበረው ይህ ገበያ በድንገት ጠበበ። ጥርጣሬውም ያረፈው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። ቀይ እሸቱን እየመረጠ የለቀመው፥ በአልጋ ላይ እያገላበጠ ያደረቀው ገበሬ ድካሙ በአንድ ጆንያ ጠንቅ ተበላሸ።

እንግዲህ ስምን ሕግ ያስመዘግበዋል እንጂ ሕግ ብቻውን አይጠብቀውም። የሚጠብቁት የለቃሚው እጅ፥ የመጋዘን ሹሙ ጥንቃቄና የመርማሪው ሐቀኝነት ናቸው። መምህራን የቡናን መገኛ ለተማሪዎች ሲያስተምሩ ይህንንም ቢጨምሩበት መልካም ነው፤ የቡና አገር መባል ከአባቶች የወረስነው ክብር ሲሆን፥ የመልካም ቡና አገር መባል ግን በያመቱ አዝመራ እንደ ገና የሚገኝ ነውና።