የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በአረጋውያን፤ ከሰፊው ቅድ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ

የትልቁ አንጀት ካንሰር በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ለረጅም ዘመን ዋነኛው ሕክምና ሆድን በሰፊው ከፍቶ የታመመውን የአንጀት ክፍል ከአካባቢው የሊምፍ ዕጢዎች ጋር ቆርጦ ማውጣትና ጫፎቹን መልሶ ማገጣጠም ነበር። ለአዛውንት ሕመምተኛ ግን ፈተናው ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ቁስሉ እያመመው በጥልቀት መተንፈስና መሳል ይሳነዋል፤ በአልጋ ላይ በቆየ ቁጥር ሳንባው ለኢንፌክሽን፣ የእግሩ ደም ሥር ለደም መርጋት፣ ጡንቻው ለመሟሸሽ ይጋለጣል።

በጠባብ ቀዳዳ የሆድን ውስጥ የመመልከት ሐሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ በውሻ ላይ ሞከረው፤ በ1910 ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤውስ በሰው ላይ ተጠቅሞ ውጤቱን አሳተመ። በ1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ የሐሞት ከረጢትን በዚሁ መንገድ አወጣ። በ1991 ደግሞ በአሜሪካ ማያሚ ከተማ ሞይሰስ ጃኮብስና ባልደረቦቹ ትልቁን አንጀት በላፓሮስኮፒ እየታገዙ ቆርጠው ማውጣታቸውን አስታወቁ።

አዲሱ ዘዴ ሁለት ሥጋቶችን አስከተለ። አንደኛው ካንሰሩ መሣሪያዎቹ በገቡባቸው ቀዳዳዎች ላይ ዳግም ይበቅላል የሚል ነበር፤ በ1994 በወጣ አንድ ዘገባ ከ14 ሕመምተኞች በ3ቱ ላይ ይኸው ታየ። ሁለተኛው በተለይ አረጋውያንን የሚመለከት ነበር። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ ድያፍራም ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሊቀንስ፣ በደም ውስጥ ያለው ጋዝ ሊጨምር ይችላል። ሥራውም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። በመሆኑም ልባቸውና ሳንባቸው የደከመ አዛውንት ለዘዴው አይመቹም ተብሎ ይታሰብ ነበር።

የመጀመሪያውን ሥጋት ያቃለሉት ሕመምተኞችን በዕጣ የመደቡ ጥናቶች ናቸው። በ2004 ይፋ በሆነውና 872 ሕመምተኞችን ባካተተው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ካንሰሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ያገረሸው በላፓሮስኮፒ ከታከሙት በ16 ከመቶ፣ በሰፊ ቅድ ከታከሙት በ18 ከመቶ ላይ ነበር። በቁስል ላይ የታየው ማገርሸት በሁለቱም ወገን ከ1 ከመቶ በታች ሆነ። ይሁን እንጂ በላፓሮስኮፒ ከተጀመረው ሥራ አንድ አምስተኛ ያህሉ በሰፊ ቅድ ተጠናቋል።

ለሁለተኛው ሥጋት ምላሽ የሰጠው የአረጋውያኑ ማገገም ነው። በ2000 በታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አንጀታቸው በላፓሮስኮፒ የተቆረጠ 42 ሰዎች በሰፊ ቅድ ከታከሙ 42 አቻዎቻቸው ጋር ተነጻጸሩ። ከሆስፒታል ሲወጡ ራስን የመቻል ሁኔታቸው እንደቀድሞው የተጠበቀላቸው ከፊተኞቹ 95፣ ከኋለኞቹ 76 ከመቶ ነበሩ። ምደባው በዕጣ ባይሆንም፣ ለመከልከያ ይጠቀስ የነበረው ዕድሜ ዘዴውን ለመምረጥም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመላከተ።

ንጽጽሩ ግን በቅዱ ስፋት ብቻ አላበቃም። በዴንማርክ ሄንሪክ ኬህሌትና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት 60 ሕመምተኞች፣ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ በዕጣ ለሁለቱ ዘዴዎች ተመደቡ፤ ሁሉም ግን በቂ የሕመም ማስታገሻ አግኝተው ቶሎ እንዲመገቡና ቶሎ ተነሥተው እንዲራመዱ ተደረገ። በሁለቱም ወገን የሆስፒታል ቆይታው መካከለኛ ልክ 2 ቀን ሆነ። በ2011 የወጣውና 400 ሰዎችን ያካተተው የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ አጭሩ ቆይታ ላፓሮስኮፒና ይህ እንክብካቤ ሲጣመሩ እንደሚገኝ አሳየ።

ማስረጃው ወሰን አለው። በ2017 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የጃፓን ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑትን አላካተተም፤ ስለዚህ ለ85 ዓመት አዛውንት የሚሰጠው ውሳኔ በልቡ፣ በሳንባውና በቀድሞ አቅሙ ምርመራ ላይ መመሥረት ይኖርበታል። የላፓሮስኮፒ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ባለበት ዘዴው ተመራጭ ሊሆን ይችላል። በሌለበትም በጥንቃቄ የተሠራ ሰፊ ቅድ ካንሰሩን ለማስወገድ የታመነ ሕክምና ነው፤ ሕመምን ማስታገስ፣ ቶሎ መመገብና በማግሥቱ ደግፎ ማራመድም ያለ ላፓሮስኮፒ የሚከናወኑ ተግባራት ናቸው።