ሻጭ ቃሉን ያጠፈ እንደ ሆነ

በጉለሌ መንደሮች ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎም ሆነ በሩፋኤል በኩል፣ ብዙ ቤት የሚሸጠው በአንዲት ሉክ ወረቀት፣ በሦስት እማኞች ፊርማና በቀብድ ነው። ሕዝቡ ይህን ወረቀት የመንደር ውል ይለዋል። የአንድ ደመወዝተኛ የዐሥር ዓመት ቁጠባ በዚህች ወረቀት ላይ ያረፈበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ የቤቱ ዋጋ ጨምሮ ሻጩ ቃሉን ያጠፈ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ቤቱን አስገድዶ ያስረክበዋልን? የዛሬው ንግግራችን የዚህን ጥያቄ ታሪክ ይመለከታል።

በጎንደር ዘመን፣ ይልቁንም በ18ኛው መቶ ዓመት፣ የርስት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ትርፍ ብራና ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጭና የገዢ ስም፣ በወርቅ የተከፈለው ዋጋ፣ ምስክሮቹና ዋሶቹም አብረው ይሰፍሩ ነበር። ዋስ ማለት ለይስሙላ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ሻጩ ቢያፈርስ እርሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ለመካድ ያሰበ ሰው ጎረቤቱንና ደብሩን ጭምር መካድ ነበረበት።

በአዲስ አበባ ግን ሻጭና ገዢ የማይተዋወቁበት ዘመን መጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ የከተማው ቦታ የግል ሀብት ሆኖ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ ስሙን ከጉለሌ ኦሮሞ የወረሰው ከእንጦጦ ግርጌ ያለው አገርም የከተማው ክፍል ሆነ።

በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። እንግሊዞች መሬት ሁሉ አምሳያ የለውም ብለው ሻጩን በቀላሉ ሲያስገድዱ፣ የእኛ ሕግ በቁጥር 1776 በጠቅላላው ለውል ሁሉ ያስቀመጠው ደንብ ጠበቅ ያለ ነው፤ ውሉ በግድ እንዲፈጸም የሚጠይቀው ሰው ልዩ ጥቅም ያለው መሆኑንና ግዴታው የባለዕዳውን ነጻነት ሳይነካ ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ይጠይቃል። ቀብድንም በሚመለከት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀባዩ እጥፉን መልሶ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል በቁጥር 1885 ተደንግጓል። 10 ሺህ ብር የተቀበለ ሻጭ 20 ሺህ ከፍሎ ይሰናበታል ማለት ነው። የቤት ዋጋ በሚንርበት ከተማ ይህ ርካሽ መውጫ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ግን የውሉ አጻጻፍ ነው። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ሲል፣ ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኖ፣ ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ብቻ ቢሆንም፣ ክርክሩ አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወሰነ። የሰበር ትርጓሜ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ስለ ነበረ፣ የመንደር ውል የያዘ ገዢ ቤቱን ሳይሆን የከፈለውን ገንዘብ ብቻ ለመጠየቅ ተገደደ። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ምን ያህል ቤት እንደሚገዛ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ቆይቶም በተሰጡ ፍርዶች ችሎቱ ጥቂት ለዘብ አለ፤ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካመነ፣ አዋዋይ ፊት አልቀረበም ተብሎ ብቻ ውሉ አይፈርስም ተባለ። ነገር ግን በዚህ አኳኋን እውነቱን የተናገረው ሻጭ ሲገደድ፣ ሽምጥጥ አድርጎ የካደው ይፈታል፤ ይህም ለእኛ ግር የሚል ነው።

የቤት ካርታ ያለው ሰው በውልና ማስረጃ ቀርቦ፣ እገዳና ዕዳ አለመኖሩ ተጣርቶለት ይፈርማል። ካርታ የሌላቸው የጉለሌ ቤቶች ግን ወደዚያ መሥሪያ ቤት የሚወስዳቸው መንገድ የለም፤ እነርሱ ዛሬም የሚሸጡት በዚያችው ሉክና በሦስቱ እማኞች ፊት ነው።