ስድስቱ ነጥብና ሰባቱ የፊደል መልክ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰበታ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መርሐ ዕውራን ይባላል። በዚያ የሚማር ሕፃን በጣቱ ጫፍ የሚዳስሰው ምልክት ከስድስት ነጥብ አይበልጥም፤ ነጥቦቹም በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሰለፋሉ። ከነዚህ መነሣትና አለመነሣት የሚወጣው ልዩ ልዩ መልክ 63 ብቻ ነው። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዛ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ይሆናል። እንግዲህ 231ዱ በ63ቱ ውስጥ እንዴት ተከተተ?

ዓይነ ስውር በመዳሰስ ማንበቡ ጥንትም ያልታሰበ ነገር አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዓይነ ስውሩ የእስክንድርያ መምህር ዲዲሞስ፣ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል እየዳሰሰ እንደ ተማረ ሶዞሜኖስ የታሪክ ጸሐፊው ተርኳል። ያ ፊደል ግን ዓይን ያለው ሁሉ የሚያነበው ያው ፊደል ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬይል በ1829 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው ጽሕፈት ከዚህ ይለያል፤ ነጥቡ ማንኛውንም ፊደል አይመስልምና፣ የሰጡትን ትርጉም ሁሉ ይቀበላል። (ብሬይልን በሕፃንነቱ ያሳወረው በአባቱ የኮርቻ መሥሪያ ቤት ያገኘው ወስፌ ነው ይባላል፤ የጽሕፈቱም መሣሪያ ወስፌ መሳይ ሆነ።)

ስለ ምሳሌ፣ በግራ በኩል የላይኛውና የመካከለኛው ነጥብ ብቻ የተነሡበትን ክፍል መመልከት ይበቃል። ብሬይል ይህን ለላቲን ፊደል ሁለተኛ ለሆነው ለ«ቢ» ሰጠው። ግሪኮች ለቤታ፣ ዐረቦች ለባ አደረጉት፤ ተራውን ትተው ድምፁን ተከተሉ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አጭር ጽሕፈት ብቻውን ሲቆም «ግን» ማለት ነው። የቁጥር ምልክት ሲቀድመው ሁለት ይሆናል፤ በሙዚቃ ጽሕፈትም ሁለተኛውን ጣት ያመለክታል። በ1890 ኢሺካዋ ኩራጂ ለጃፓን ቋንቋ ባወጣው ሥርዓት ደግሞ «ኢ» ተብሎ ይነበባል። በህንድ አገር ልዩ ልዩ ሥርዓቶች ስለ ነበሩ ጎረቤት የጎረቤቱን መጽሐፍ ማንበብ ተስኖት ኖረ፤ በ1951 ነው ለአገሩ ቋንቋዎች የጋራ ሥርዓት የተወሰነው።

በአማርኛም ድምፅ ተራን አሸነፈ። ተራው ቢጠበቅ ኖሮ ያ ክፍል ሁለተኛ ለሆነው ለ«ለ» በተገባው ነበር፤ የተሰጠው ግን ለ«ብ» ነው። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ፊደሉ ራሱ ለሁለት መከፈሉ ነው። «ሙሴ» በቀለም ሲጻፍ ሁለት ፊደል ነው፤ በነጥብ ግን ም፣ ኡ፣ ስ፣ ኤ ተብሎ አራት ክፍል ይይዛል። በብራና ላይ መሠረቱ ግእዙ ነው፤ ሌሎቹ እግር ወይም ቀለበት እየጨመሩ ከእርሱ ይወለዳሉ። በነጥብ ጽሕፈት ግን ራቁቱን የሚቆመው ሳድሱ ነው፤ ግእዙም እንደ ወንድሞቹ ድምፅ ሰጪ ምልክት ይከተለዋል።

ይህ ፊደልን ማፍረስ ነው የሚል ሊቅ ቢኖር አይደንቅም። ነገር ግን የጥንቱ የአክሱም ጽሕፈት ተነባቢውን ብቻ ያሳይ ነበር፤ ድምፅ ሰጪው ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደው በ4ኛው መቶ ዓመት በዒዛና ዘመን ነው። ጣት ያን ውሕደት መልሶ ፈታው እንጂ ከድምፁ አንዳች አላጎደለም። ጭንቁ ያለው ዓይናማው መምህር ላይ ነው፤ ፊደል ከነሰባት መልኩ ቢያውቅም የተማሪውን ደብተር ለማረም አዲስ አጻጻፍ መማር አለበት።

ተማሪው በአንድ ነገር ይቀድመዋል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ የሰበታ ዓይናማ ልጅ ሁለት እጅግ የተለያዩ ፊደላትን ያጠናል፤ ዓይነ ስውሩ ግን ለአማርኛው «ብ»ም ለኦሮምኛው «ቢ»ም አንዱን ክፍል ይዳስሳል። የሚቸግረው ሌላ ነው። ስሌት በሚባለው መጻፊያ ሲጽፍ ወረቀቱን ከጀርባው እየወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ስለዚህ «ኤ» ሊጽፍ ሲል እጁ የሚወጋው ጣቱ «ኢ» ብሎ የሚያነበውን መልክ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ «ኤ» ይሆናል።