ሽልማቱ የማን ነው?

ውሻ በውድድር አሸንፎ ባለቤቱ ዋንጫ ሲቀበል የተጠቀመው ማን ነው? ውሻው ወይስ ጌታው? ይህን ጥያቄ ለዕጩ መምህራን ባቀርብላቸው አንዱ፣ «ውሻው ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይታከማል፤ ታዲያ ምን ጎደለበት?» ሲል መለሰልኝ። መልሱ ቀላል ይመስላል። ታሪክ ግን ጠለቅ ብለን እንድናስብ ያስገድደናል።

በዘመናዊ መልክ የተዘጋጀው የመጀመሪያው የውሻ ትርኢት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1859 በእንግሊዝ አገር፣ በኒውካስል ከተማ ነው። ለውድድር የቀረቡት አዳኝ ውሾች ሲሆኑ ሽልማቱ ጠመንጃ ነበር። ያሸነፈው ውሻ ነው፤ ጠመንጃውን ይዞ የሄደው ግን ጌታው ነው።

በዚያው ዘመን በእኛና በሱዳን ድንበር አካባቢ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ተከዜ ወደ ሱዳን ሲወርድ ሰቲት ይባላል። በዚህ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩት የሐምራን ዐረቦች ዝሆንን በሰይፍ ያድኑ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 አብሯቸው አድኖ እንደ ጻፈው፣ አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን ወደ ራሱ ሲስብ ሌላው ከኋላ ደርሶ የእግሩን ጅማት ይቆርጣል። አዳኙም በሕይወቱ ቆርጦ ነበር የሚገባበት።

ቀጥሎ የአውሮፓ የትርኢት ነጋዴዎች መጡ። የሚፈልጉት ግልገሎችን ስለ ነበር፣ እነርሱን ለመያዝ እናቶቻቸው ይገደሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1870 ጣሊያናዊው ሎሬንሶ ካዛኖቫ ዝሆኖችን፣ ቀጭኔዎችን፣ ሰጎኖችንና ሌሎች አራዊትን ከከሰላ በኩል በሱዋኪን ወደብ አድርጎ ስዊዝ አደረሰ። ካዛኖቫ እዚያው ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ አራዊቱን ካርል ሃገንቤክ የተባለ የሀምቡርግ ነጋዴ ተረከበ። ግልገሎቹን በወተት ለመመገብ መቶ ያህል ፍየሎች አብረው ተነድተው ነበር። ወተታቸው የነጠፈባቸው ፍየሎች ግን ታርደው ለሥጋ በል አራዊት ምግብ ሆኑ።

ለዕጩ መምህሩ የምሰጠው መልስ እዚህ ላይ ነው። ቀጭኔዋም በልታለች፤ ወተትም ጠጥታለች። ነገር ግን መመገብ ብቻ የተጠቃሚነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚያተርፍበትን ነገር የማይቀልብ ባለቤት የለምና። ነገሩ በእንስሳት ብቻ አልቆመም፤ ከ1876 ጀምሮ ሃገንቤክ የምሥራቅ ሱዳን ሰዎችን ጭምር ወደ አውሮፓ ወስዶ ከእንስሳቱ ጋር ለተመልካች አቅርቧል።

ሆኖም ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ይኸው ሃገንቤክ አራዊትን በጅራፍ ሳይሆን በማባበል የማሠልጠንን ዘዴ አስፋፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ሀምቡርግ አጠገብ ስቴሊንገን በተባለ ስፍራ ያለ ብረት ፍርግርግ የሚታዩበትን የአራዊት መናፈሻ ከፍቷል። የውሻ ውድድርም እንዲሁ ነው። መሮጥ፣ ማሽተትና መዝለል ለውሻ ተፈጥሮው ስለሆኑ ጨዋታው ሊያስደስተው፣ ጤናውንም ሊጠብቅለት ይችላል። በአንጻሩ ለትርኢት ውበት ሲባል አፍንጫው እንዲደፈጠጥ ሆኖ የተዳቀለ ውሻ ለመተንፈስ ይቸገራል፤ ለዚህ ምንም ዋንጫ አይክሰውም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን አንሥተው ይከራከሩ። እንስሳው የሚሠራው ተፈጥሮው የሚፈልገውን ነው? ለትርኢቱ ሲባል በአካሉ ላይ ጉዳት ደርሶበታል? ቢሸነፍ ወይም ቢያረጅስ ጌታው ያኖረዋል? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ውሻ ውለታን እንደማይረሳ ለመግለጽ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን የጌታውን ውለታ መላሽነት ይመዝናል። ወተቷ የነጠፈባት ፍየል ምን እንደ ገጠማት አይተናል።