የሴኪ ዲስክ
የሴኪ ዲስክ የሐይቅና የባሕር ውኃ ምን ያህል የጠራ ወይም የደፈረሰ እንደሆነ በዓይን የሚለካበት ዝርግ ክብ መሣሪያ ነው። ጣሊያናዊው ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሞከረው። ለሐይቅ የሚውለው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ይቀባል። ለኪው ጀልባው ጥላ በጣለበት በኩል ሆኖ ምልክት ባለው ገመድ ቀስ እያለ ያወርደዋል፤ ዲስኩ ከዓይን የተሰወረበትንና ሲሳብ ዳግም ብቅ ያለበትን ጥልቀት መዝግቦ አማካዩን ይወስዳል። የክረምት ጎርፍ ደለል በሚያስገባበት ጣና ሐይቅ ላይ ዲስኩ ብዙም ሳይወርድ ይጠፋል። ድፍርሱ የደለል ይሁን የአልጌ ግን አይለይም። በአነስተኛ ዋጋ የሐይቅን ለውጥ ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር የሚተካከለው መሣሪያ ጥቂት ነው። ጀርምንና ፍሎራይድን ስለማያሳይ የመጠጥ ውኃ በቤተ ሙከራ መመርመር አለበት።